ወረቀት የሌለው ቶርኖ

አፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ አገር የላኩት ሚስቱንና ልጆቹን አስቀርተው ነው። መያዣ መሆናቸው ነው። ፍላድ ከንግሥት ቪክቶሪያ መንግሥት ጠይቆ እንዲያመጣ የታዘዘው ነገር ተዘርዝሮ ተጽፎ ቀርቶልናል። ጠመንጃ ሠሪ፣ ብረት አቅላጭ፣ ጀልባ ሠሪ፣ የሠረገላ ጎማ የሚያበጅ ሰው እያለ ይሄዳል። ከሰዎቹ ቀጥሎ ዕቃው ይመጣል። ለማቅለጫ ቤት የሚሆን ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ተጠይቋል። የባሩድ መሥሪያ ተጠይቋል። በመካከሉ ደግሞ ታሪክ ስናነብ ዘለን የምናልፋት አንዲት ዕቃ አለች፦ ዛሬ እኛ ቶርኖ የምንለው ማሽን፣ ያውም «ጥሩ» የሆነ።

ስለ ቴዎድሮስ ስናወራ ሹሩባውን እናነሳለን፣ ሽጉጡን እናነሳለን፣ ሴባስቶፖልን እናነሳለን። ቶርኖውን የሚያነሳ ሰው ግን ብዙ አይገጥመኝም። እንግሊዞቹ ሠራተኞቹንም ዕቃውንም እስከ ምጽዋ አድርሰው ነበር። እስረኞቹ ካልተለቀቁ ግን ወደ መሀል አገር አይገቡም ተባለ። እስረኞቹ አልተለቀቁም፤ ሠራተኞቹም በመጡበት ተመለሱ። ጋፋት ላይ የነበሩት የአውሮፓ ሰዎችና የአገራችን ሠራተኞች በእጃቸው ባለው መሣሪያ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አቅልጠው ሠሩ፤ ንጉሡም እስከ መቅደላ አስጎተቱት። ሚያዝያ 1860 ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ቶርኖው ግን ሳይደርስ ቀረ።

ለመሆኑ አንድ ንጉሥ መድፍ ላኩልኝ ማለት ሲችል ቶርኖ ላኩልኝ የሚለው ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ቶርኖ ቤት ገብቶ አንድ ሰዓት መቆም ይበቃል። ማሽኑ ብረቱን ጨብጦ ያሽከረክረዋል፤ ቢላዋው ቀስ እያለ እየተጠጋ ይልጠዋል። ድንች እያዞሩ እንደ መላጥ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚላጠው ብረት መሆኑ፣ ልኩም ከፀጉር ውፍረት ማነሱ ነው። ዘንግ በሉት፣ ቡሎን በሉት፣ ፒስተን በሉት፣ ክብ የሆነ ብረት ሁሉ በዚህ በኩል ያልፋል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ሌላ ነው። የቶርኖውን ዘንግ የሚሠራው ማን ነው ቢሉ፣ ሌላ ቶርኖ ነው። ልጁን ብቻ ሳይሆን እህቱንም የሚወልድ ማሽን ይሉታል። ንጉሡ ቶርኖ ሲጠይቁ የጠየቁት የማሽን እናት ነው።

ዓለምም ቢሆን ይህችን እናት ካገኘ ሩቅ ጊዜ አልሆነውም። ሄንሪ ሞድስሌይ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1800 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ለንደን ውስጥ የብሎን ጥርስ በትክክል የሚያወጣ ቶርኖ አቆመ። ከዚያ በፊት አብዛኛው ቡሎን ለገዛ ዳዶው የተዳረ ነበር። አንዱ ከጠፋ ሌላው መበለት ሆኖ ይቀራል። የሞድስሌይ ደቀ መዝሙር የነበረው ጆሴፍ ዊትዎርዝ ደግሞ በ1841 ተነሥቶ፣ የብሎን ጥርስ በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ማዕዘኑም 55 ዲግሪ ይሁን አለ። አሜሪካኖቹ በበኩላቸው 60 ነው የሚሻለን አሉ። ፈረንሳዮችና ሌሎች የሚሊሜትር ወዳጆች መንገዳቸውን ቀጠሉ። ይህ የፈረንጅ ጭቅጭቅ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ ዞሮ ዞሮ ቦሌ ድረስ ይመጣል።

የቃሉንም ነገር እናንሳው። ቶርኖ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ጣልያኖች ከላቲን፣ ላቲን ከግሪክ ወሰደው። ፈረንሳዮች ከዚያው ሥር «ቱር» የሚል ቃል አወጡ፤ ቶርኖም ማለት ነው፣ ዙሪትም ማለት ነው። ከዙሪቱ ደግሞ «ቱሪስት» ተወለደ። እንግዲህ ቶርኖና ቱሪስት የአንድ አያት ልጆች ናቸው። ለአንደኛው ከቦሌ ጀምሮ ሆቴል ሠርተን፣ አበባ ተክለን፣ መብራት አብርተን እንጠብቀዋለን። ደግ አደረግን። ሌላኛው ዘመዱ የት ነው ያለው?

ወደ አገራችን ቶርኖ የገባባቸው በሮች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም የየራሱን ቋንቋ ይዞ ገብቷል። አንደኛው በር የምድር ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የባቡሩን ጎማና ዘንግ የሚጠግን ትልቅ ጋራዥ ድሬዳዋ ላይ ቆመ። የዚያ ጋራዥ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው። ሁለተኛው በር የጣልያን ወረራ ነው። ከ1928 እስከ 1933 የገባው የጭነት መኪና ብዛት ጋራዥ ፈለገ፤ ጋራዡ መሣሪያ ፈለገ። ጣልያን በአምስት ዓመቱ ወጣ፤ ቃሉ ግን ቀረ። ዛሬ የትኛውም ጋራዥ ብትገቡ ካቻቢቴ አቀብለኝ፣ ፒንሳው የታለ፣ ሞርሳው ላይ እሰረው፣ ኩሽኔታው አልቋል ሲባል ትሰማላችሁ። የሮማን ቄሣር ያባረረ አርበኛ የልጅ ልጅ በቄሣር ቋንቋ መኪና ይፈታል። ቃል ከወታደር ይልቅ ሥር እንደሚሰድ ይህ አንድ ምስክር ነው።

ከነፃነት በኋላ ብዙ ሰው የማያስታውሰው አንድ ነገር ሆነ። እንግሊዞች፣ ጣልያን ትቶት የሄደው ፋብሪካና ማሽን የጦር ምርኮ ነው በሚል ከአገራችን ብዙውን እየነቀሉ ወሰዱት። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በዚህ ጉዳይ ላይ በዝርዝር ጽፈዋል። እንግዲህ በ1858 የተጠየቀው ሳይመጣ ቀረ፤ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ደግሞ መጥቶ የነበረው ተነቅሎ ሄደ። እንዲያም ሆኖ አገሩ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1934 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ብረት መሥራት በደብተርና በፈተና የሚማሩት ነገር ሆነ። ዛሬ በከተማው ካሉት አንጋፋ ቶርነሮች ስንቱ የዚያ ቤት ልጅ እንደሆነ ጠይቁና ድረሱበት።

ሦስተኛው በር አየር መንገድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ ውል ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መንገደኛ ይዞ በረረ። አውሮፕላኖቹ የጦርነቱ ትርፍ የሆኑ ሲ-47 ነበሩ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ወደ ቦሌ ሲዛወር ጥገናውም አብሮ መጣ። የአሜሪካ አውሮፕላን ደግሞ ከብሎኑ እስከ ክንፉ በኢንች ነው የተሠራው። ስለዚህ ቦሌ ላይ በአጥሩ ውስጥ ያለው መካኒክ በኢንች ያስባል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ጋራዥ በሚሊሜትር ያስባል። በመካከላቸው ያለው አንድ የአጥር ሽቦ ነው፤ የአንዱ ቡሎን ግን ለሌላው ዳዶ አይሆንም። የዊትዎርዝና የፈረንሳዮቹ ጭቅጭቅ ቦሌ ይደርሳል ያልኩት ይህን ነው።

አራተኛው በር የደርግ ዘመን ነው፤ የሶቪየትና የምሥራቅ አውሮፓ ማሽኖች የገቡበት። ከነዚህ ማሽኖች አያት አንዱ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሞስኮ ውስጥ የተሠራ ዲፕ-200 የሚባል ቶርኖ ነው። «ዲፕ» የሦስት የሩስኛ ቃላት መነሻ ፊደል ሲሆን፣ እንድረስባቸውና እንለፋቸው እንደማለት ነው። ሊደርሱባቸው ያሰቡት ካፒታሊስቶቹን ነው። 200 የሚለው ደግሞ ከሐዲዱ እስከ መዞሪያው ማዕከል ያለው ከፍታ ነው፣ በሚሊሜትር። አያችሁ፣ ማሽን መፈክርም ይሸከማል። ለመፈክሩ ግን ግድ የለውም፤ ሥርዓቱ ከፈረሰም በኋላ የልጅ ልጆቹ ብረት እየላጡ ነው።

እንግዲህ ማሽኖቹ በአራት በር ሲገቡ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መጽሐፍ ይዘው ነበር የገቡት። ዘይት የሚጠጡት የት ነው፣ የትኛው ማርሽ ከየትኛው ጋር ቢገጥም ስንት ጥርስ ይወጣል፣ የሚበላው ክፍል ቁጥሩ ስንት ነው፣ ይህ ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፏል። መጽሐፉ በፈረንሳይኛ፣ በጣልያንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሩስኛ ነው። ባለሙያው ማንበብ ስለማይችል አለቃው ቢሮ ቆለፈበት። አለቃው ሲዛወር ቁልፉን እንጂ መጽሐፉን አላስረከበም። በ1967 ፋብሪካው ተወረሰ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ለግል ተሸጠ። በየርክክቡ ኮሚቴ ተቋቁሞ ንብረት ተቆጥሯል። በቆጠራው መዝገብ ላይ የሚጻፈው ምን መሰላችሁ? «ቶርኖ ማሽን፣ ብዛት 1»። በቃ። መጽሐፉ ንብረት አይደለምና አይቆጠርም። በዚህ መንገድ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ማሽኑ ስሙንና የትውልድ አገሩን የሚያውቅለት ሰው ሳይኖር ጨረታ ላይ ይወጣል።

እንዲህ ያለ አንድ ቶርኖ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አይቻለሁ። ባለቤቱ ሰባውን ያለፉ፣ እጃቸው እንደ ሞረድ የሻከረ ሰው ናቸው። ከጨረታ ሲገዙት ግማሽ አካሉ በዝገት ተሸፍኖ ነበር። የፋብሪካው ስም የነበረበት ታርጋ የለም፤ የቀሩት አራት የሪቬት ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው።

«ጋሼ፣ ታርጋው የት ሄደ?» አልኳቸው።

«ነሐስ ነዋ! ቁራሌው ነው የወሰደው» አሉኝ እየሳቁ። «ግድ የለም። ታርጋ የትም ሊለጠፍ ይችላል። ማርሽ ነው የማይዋሸው።»

ከዚያ ያሳዩኝን ነገር፣ ብዙ ዓመት ድርሰት ሳስተምር ብቆይም፣ እንዲህ ያለ የንባብ ትምህርት ቤት አልገጠመኝም። የብራና ሊቃውንት መጨረሻው ተገንጥሎ የጸሐፊው ስምና ዘመኑ የጠፋ መጽሐፍ ሲገጥማቸው፣ ፊደሉን፣ ቀለሙን፣ የስፌቱን ዓይነት አይተው መቼና የት እንደተጻፈ ይፈልጋሉ። ጋሼ ማሽኑን ያነበቡት እንደዚያው ነው።

መጀመሪያ ረጅሙን ዘንግ ያዙ፤ የብሎን ጥርስ ሲወጣ ቢላዋውን የሚመራው እሱ ነው። የዐሥር ጥርስ ርዝመት በካሊፐር ለኩ። 63.5 ሚሊሜትር መጣ። የአንዱ ጥርስ ርምጃ 6.35 ነው ማለት ነው። በሚሊሜትር የሚያስብ ፋብሪካ እንዲህ ያለ ጎደሎ ቁጥር አይመርጥም፤ ስድስት ይላል እንጂ። 6.35 ግን የኢንች ሩብ ነው። አንድ ምስክር ተገኘ። ቀጥለው ባለ 40 ጥርስ ማርሽ አነሱ። የውጭ ስፋቱ 106.7 ሚሊሜትር ነው። በጥርሱ ብዛት ላይ ሁለት ደምሮ ማካፈል የታወቀ ሕግ ነው፤ ለ42 ሲካፈል 2.54 ይመጣል። የሚሊሜትር ማርሽ ቢሆን 2.5 ይሆን ነበር፣ ስፋቱም 105። ዓይን የማይለየው የአንድ ሚሊሜትር ከሰባት ልዩነት ጣልያንን ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ለየው። 2.54ን ሲያዩ ጋሼ ካሊፐሩን አስቀምጠው «ይኸው ተናገረ» አሉ።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። ከማርሾቹ መካከል አንድ ሰፊ፣ ባለ 127 ጥርስ አለ። 127 ምን ዓይነት ቁጥር ነው? ለሁለት አይካፈል፣ ለሦስት አይካፈል። ጋሼ ግን ያውቁታል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው፤ በአምስት ሲባዛ 127 ይሆናል። ይህ ማርሽ የኢንች ማሽን የሚሊሜትር ብሎን እንዲያወጣ የሚያደርግ አስተርጓሚ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ይህን ማሽን ኢንች ከሚነገርበት ሠፈር ሚሊሜትር ወደሚነገርበት ሠፈር አምጥቶ፣ አስተርጓሚ ቀጥሮለታል። በዚች ከተማ ውስጥ ሁለቱ ሠፈሮች በአጥር እንደሚገናኙ ቀደም ብለን አይተናል።

ሌላ ማርሽ ላይ ደግሞ ሦስት ጥርስ ወልቆ በብየዳ ተሞልቶ፣ በሞረድ ተሞርዶ ተሠርቷል። ብራና ላይ አንባቢ በጠርዙ እንደሚጽፈው ማስታወሻ ነው፤ ያልታወቀ እጅ ያኖረው። ሞተሩም የራሱ ታሪክ አለው። በአሜሪካ ልክ የተሠራ ሞተር የሚጠብቀው 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ መብራት 50 ነው። ስለዚህ በደቂቃ 1,750 ጊዜ የሚዞረው እዚህ ሲመጣ 1,450 ገደማ ይሆናል። ከፍጥነቱ ስድስተኛውን ጉምሩክ ላይ ጥሎ ገባ እንደማለት ነው። በመጽሐፉ ላይ የተጻፈው ፍጥነት፣ መጽሐፉ ቢገኝ እንኳን፣ እዚህ አገር ልክ አይሆንም።

አንድ ማርሽ ጠፍቷል። ገበያ የለም። የጥርሱ ማዕዘን የድሮው 14 ዲግሪ ተኩል ነው፤ የዛሬው ማርሽ በብዛት 20 ስለሆነ ቢገጥሙት እንኳን እየጮኸ ይበላዋል። ጋሼ ያልተበላ ጥርስ መርጠው፣ በሁለት ጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት ቅርጽ በላሜራ ቀርጸው አወጡ። በዚያ ልክ ቢላዋ በእጃቸው ሳሉ። በዚያ ቢላዋ አዲሱን ማርሽ ጥርስ በጥርስ ቆረጡት። ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ከሁሉ የከበደው ግን ሐዲዱ ነው፤ ቢላዋው የሚቀመጥበት ተሸካሚ የሚንሸራተትበት ረጅም መንገድ። ሥራ የሚበዛው ብረቱ በሚጨበጥበት በኩል ስለሆነ ሐዲዱ እዚያ ጋ ይበላል፣ ዳር ላይ እንደ አዲስ ነው። የላላውን ብታጠብቀው ዳር ሲደርስ ይቆማል፤ ብታላላው መሀል ላይ ይንቀጠቀጣል። ሐዲዱን ለማቅናት ቀጥ ያለ ነገር ያስፈልጋል። ቀጥ ያለ ነገር ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ጋሼ ተግባረ ዕድ የተማሩትን ዘዴ አነሱ፤ ባለቤቶቹ እነ ሞድስሌይና ዊትዎርዝ ናቸው። ሁለት የብረት ሰሌዳ ወስደህ አንዱን ሰማያዊ ቀለም ቀብተህ በሌላው ላይ ታሸዋለህ። የነካካውን ትፍቃለህ። እንደገና ታሸዋለህ። በመጨረሻ ሁለቱ ፍጹም ይገጥማሉ። «ቀጥ አሉ ማለት ነው?» አልኳቸው።

«አይደለም» አሉ። «አንዱ ጎበጥ፣ አንዱ ጎድጎድ ብሎም ይገጥማል። ሁለት ሰው ተማክሮ ሊዋሽ ይችላላ! ሦስተኛ ሰሌዳ ታመጣለህ። ሦስቱም እርስ በርሳቸው ከገጠሙ ያኔ ቀጥ ነው። ሦስት ሆኖ መዋሸት አይቻልም።»

ይህን አባባል ይዤ ብዙ ቀን አሰብኩ። አንድ ሙያ የሚቆመውም በሦስት ሰሌዳ ነው፤ እጅ፣ ማሽንና ወረቀት። ወረቀቱ ሲጠፋ እጅና ማሽን ብቻ ይቀራሉ። ሁለቱ ደግሞ ለረጅም ጊዜ አብረው ሲኖሩ ይስማማሉ። ማሽኑ ሲጎብጥ እጁ አብሮ ይጎብጣል። «ይቺ ማሽን ጠባይዋን ስለማውቅ ነው» የሚል ባለሙያ ሞልቷል፤ የአርባ ዓመት ፍቅር ነው፣ ያምራል። ነገር ግን የሚወጣው ዘንግ ልክ ይሁን አይሁን የሚመሰክር ሦስተኛ የለም። ባለሙያው ያረፈ ዕለት ደግሞ ማሽኑ ብቻውን ይቀራል። ብቻውን የቀረ ማሽን በኪሎ ይሸጣል። ሁለት ቶን ብረት ለአቅላጭ ጥሩ ገንዘብ ነው፤ እናቲቱን ከነማሕፀኗ አቅልጦ የቤት ክዳን ማገር ማድረግ ይቻላል።

ጋሼን «ይህን ሁሉ ጽፈውታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በጣታቸው በሩን አሳዩኝ። በላሜራው በር ጀርባ ላይ በጠመኔ ቁጥር ተደርድሯል። የትኛው ማርሽ ከየትኛው ጋር ሲገጥም ስንት ጥርስ እንደሚወጣ፣ እሳቸው ቆጥረውና ሞክረው ያገኙት ሠንጠረዥ ነው። የማሽኑ መጽሐፍ ይኸው ነው። በዓለም ላይ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱም በሩ ሲከፈት ዝናብ ይነካዋል።

«ደብተር ላይ ለምን አይገለብጡትም?»

«ለማን ብዬ? ልጆቹ ኮምፒውተር ነው የሚፈልጉት። ደግሞ ሠፈሩ ይነሳል ተብሏል፤ በሩም አብሮ ነው የሚሄደው።»

አሁን ሽማግሌውን መውቀስ ይቀላል፤ ተገቢ ግን አይደለም። አለመጻፍ የእሳቸው ጥፋት ሳይሆን የቆየ የአገር ልማድ ነው። የዚህ አገር ሰው ወረቀት ጠልቶ አያውቅም። በብራና ላይ ተአምር ጽፈናል፣ ገድል ጽፈናል፣ ነገሥታቱን ቀን በቀን ጽፈናል። ብረት ሲሠራ ያየነውን ግን አልጻፍንም። የሚጽፈው ብረት አይነካም፤ ብረት የሚነካው አይጽፍም። በመካከላቸው ደግሞ ስድብ ነበር፤ ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በል፣ ፋቂውን ጥንበ በል የሚል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሳደብ ይቀጣል ብለው በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ ነገሩ ደርሶ ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ በኋላ በ1916 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ላይ ይህንኑ በሌላ በኩል አይተውታል፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲገበያይ ብዙ ድካም ሰጥቶ ጥቂት ይቀበላል ነው የሐሳባቸው ፍሬ። ስድቡ በአዋጁ ምክንያት ቀነሰ እንበል። ግድግዳው ግን እስከ ዛሬ አለ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ አንድ ግጥም መቶ ገጽ የሚጽፍ ሞልቷል፤ እኔም ስመክርና ስፈትን ኖሬያለሁ፣ አልጸጸትበትምም። ስለ አንድ ቶርኖ ዐሥር ገጽ የሚጽፍ ግን ፈልጉና አምጡልኝ።

የከተማው ምሥራቅ አሁን ሌላ መልክ ይዟል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራው የኮሪደር ልማት ከቦሌ ኤርፖርት እስከ መገናኛ፣ ከአራት ኪሎ በመገናኛ በኩል እስከ ሲኤምሲ መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛና የብስክሌት መሄጃ ተሠርቶለታል። ያ መንገድ ቆርቆሮና ጭቃ ሳለ የሄደበት ሰው መልካም አልሆነም ሊል አይችልም። ሲኤምሲ የሚለው ስም ራሱ የአንድ የጣልያን ግንባታ ድርጅት ስም ምሕፃር ነው። ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ሄደ፣ ስሙ ሠፈር ሆኖ ቀረ። ስም ማስቀረት ላይ ጎበዞች ነን። መንገድ ሲሰፋ ጋራዥ ይነሳል፤ ይህም በሁሉም ከተማ ያለ ነገር ነው። ቁም ነገሩ ሲነሳ ምን ይዞ ይነሳል የሚለው ነው። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን፣ በመሠረቱ ላይ በውኃ ልክ የተቀመጠ ማሽን እንደ ሶፋ አይጫንም። በችኮላ ሲነሳ ከሚጫነው ይልቅ ለቁራሌው የሚቀረው ይበዛል። በሩም፣ በበሩ ላይ ያለው ጠመኔም ከሚቀረው ወገን ነው።

ለዚህ ትልቅ ፕሮጀክት፣ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ለአንድ ማሽን ጥቂት ገጽ ይበቃል። የረጅሙ ዘንግ ርምጃ ስንት ነው፣ የማርሾቹ ጥርስ ስንት ስንት ነው፣ የውጭ ስፋታቸው ስንት ነው፣ ሐዲዱ የት ጋ ስንት ተበልቷል፣ ምን ተቀይሯል፣ በማን ዘመን። ከጎኑ ደግሞ ባለሙያው የሚጠራበት ስም ይጻፍ፤ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ጊዛ፣ ቺንጊያ እያለ እንደሚናገረው። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሰዎች እንደሚፈልጉት ከሆነ ቀርቷል ማለት ነው። የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪ ለመመረቂያው የማይታወቅ ፋብሪካ በሌላ አገር ያስመጣውን ሥዕል ከሚገለብጥ፣ በሠፈሩ ያለውን አንድ ማሽን ለክቶ ቢመጣ ምን ይጎዳል? ልኬቱን የሚያውቅ ሽማግሌ ይኖራል፣ መጻፍ የሚችል ልጅ ይኖራል፣ ማሽኑም አለ። ሦስቱ ሰሌዳዎች በአንድ ቤት የሚገናኙበት ጊዜ ግን አጭር ነው።

አበው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ። ሁልጊዜ ስድብ ይመስለን ነበር፤ ለወረቀቱ ግን ምስጋና ነው። የፍላድ ዝርዝር ወረቀት ላይ ባይሰፍር ኖሮ፣ ቴዎድሮስ ቶርኖ እንደተመኙ ዛሬ ማን ይነግረን ነበር? ማሽኑ አልመጣም፣ ሠራተኞቹ ተመለሱ፣ ጋፋት ፈረሰ። የቀረችው አንዲት መስመር ናት። ንጉሡ ሊያገኙት ያልቻሉት ማሽን ዛሬ በየሰፈሩ በየቆርቆሮው ቤት አለ። ከሳቸው ዘመን የቀረልን ወረቀቱ ነው፣ ማሽኑ ጎደለ፤ ከእኛ ዘመን ግን ማሽኑ ተርፎ ወረቀቱ የሚጎድል ይመስላል። ማሽኑም እስከ መቼ እንደሚተርፍ ቁራሌው ነው የሚያውቀው።